ሰባት አለቃ ለአንድ አፍ

እኔ የምለው፣ ሬዲዮ ጣቢያ የሚሠራ ሰው ሁሉ አለቃ የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው?

ድሮ «ልጅህ የት ገባ?» ሲባል «ሬዲዮ ጣቢያ» ተብሎ ያልቅ ነበር። ጠያቂውም ይደነቅና «በስንት ሰዓት ነው የሚናገረው?» ብሎ ሬዲዮኑን ሊያሰናዳ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ዘንድሮ እዚህ ገነተ ማርያም ልጁን ለሬዲዮ የሰጠ ሰው አይጠፋም። አንዱን ጎረቤቴን «ልጅህ ምን ሆነ?» አልኩት። «የይዘት ልማትና የሥርጭት ክትትል ዳይሬክቶሬት ተጠባባቂ ዳይሬክተር» አለኝ፤ መሃል ላይ አንዴ ተንፍሷል። «እሰይ! በስንት ሰዓት እንስማው?» ብለው «ኧረ እሱ አይናገርም!» ብሎ ተቆጣኝ። መናገር ለካ ነውር ሆኗል።

«ታዲያ የሚናገረው ማነው?» አልኩት። «እነሱማ ገና ልጆች ናቸው» አለኝ። አነጋገሩ «ሲያድጉ ይተዉታል» የሚል ነው።

ይኸውላችሁ ዘመኑ። ፊት የወጣን ጆሮ ኋላ የወጣ ቀንድ በለጠው። ሬዲዮ ላይ ፊት የወጣው ድምፅ ነበር፤ ኋላ የመጣው ዳይሬክተር በላዩ ላይ ቀንድ ሆኖ ቆመ።

እኔ ሬዲዮ የለመድኩት አለቃው በማይታወቅበት ጊዜ ነው። የሀገራችን ሬዲዮ በ1928 ዓ.ም. ከአቃቂ ሥራ ሲጀምር ጣሊያን በር ላይ ቆሞ ነበር፤ ያን ጊዜ አልተወለድኩም፣ ስለዚህ አላማርርበትም። የእኔ ዘመን የሚጀምረው ከድንጋዩ ነው። የሬዲዮ ድንጋይ ማለቴ ነው። ባትሪው ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ሲብስበት በጥርስ ይነከሳል፤ ከዚያ ለማታው ዜና ብቻ ተብሎ ይቆጠባል። ቻግኒ ገበያ የወጣ ሰው ጨው ቢረሳ ይማሩታል፤ ድንጋይ ከረሳ ግን ሳምንቱን ሙሉ ሲሰደብ ይከርማል። ብስራተ ወንጌል የሚባለው ጣቢያ በ1955 ዓ.ም. ተከፈተ፤ በ1969 ዓ.ም. ደርግ ወረሰውና የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ ተባለ። ባለቤቱ ተለወጠ፣ ስሙ ተለወጠ፣ ዜናውማ አይነሣ። እኛ ድንጋያችንን ማስጣት አላቋረጥንም።

ከጀርመን የሚመጣው አማርኛ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ከአሜሪካ የሚመጣው ደግሞ ከ1975 ዓ.ም. ጀምሮ ማታ ማታ እየተንጫጫ ይደርሰን ነበር። የሚያነበውን ሰው በድምፁ እናውቀው ነበር። ጉንፋን ሲይዘው «ዛሬ ደግሞ ምን ነካው?» እንል ነበር፤ ለረጅም ጊዜ ከጠፋ «ሞተ እንዴ?» ብለን እንጨነቅ ነበር። የዚያን ሰውዬ አለቃ ስም ግን እስከ ዛሬ ድረስ አላውቅም፤ ባለማወቄም አንዳች አልጎደለብኝም። በ1980 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን ዚምባብዌን በፍጹም ቅጣት ምት አሸንፎ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን ዋንጫ ሲያነሣ ሀገሩን ሁሉ ከመቀመጫው ያስነሣው የስፖርት ጋዜጠኛው ደምሴ ዳምጤ ነው። ያን ቀን የደምሴ ክፍል ኃላፊ ማን ነበር? የዕለቱ አስተባባሪስ? ለታሪክ የሚፈልግ ካለ ይፈልግ፤ እኔ ደምሴ ይበቃኛል።

አውቃለሁ፣ አንዱ ተነሥቶ «አባባ፣ ያኔም አለቃ ነበር፤ ሳንሱርም ነበር» ይለኛል። ነበር እንጂ! በንጉሡም ነበር፣ በደርግም ነበር፤ ሰውም አሥሮ ነበር። አልዋሽም። ግን ሳንሱር ያው ክፋቱ እንዳለ ሆኖ አንድ ነገር ነበረው፦ ያነብ ነበር። አሁን ያለው ሳያነብ የሚፈርም ነው። ወደዚያ እመጣለሁ።

ስለ ወንበሩ ላስቀድም። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ አንድ ወንበር አውቃለሁ፤ በፊት የተቀመጠበት ሰው የመምሪያ ኃላፊ ይባል ነበር። ቢፒአር የሚባል ነገር መጣና ያው ሰውዬ በዚያው ወንበር ላይ እንዳለ የዋና የሥራ ሂደት ባለቤት ተባለ። ከጎኑ ያለው ደግሞ የደጋፊ የሥራ ሂደት ባለቤት ሆነ። ሰው ርስት በሌለበት ሀገር የሂደት ባለቤት ሲሆን ያየሁት ያኔ ነው። ቀጥሎ ቢኤስሲ ገባ፤ ነጥብ ተሰጣጡ። ከዚያ ሂደቱ ተወሰደበትና ዳይሬክቶሬት ዳይሬክተር ሆነ፤ አሁን ደግሞ ሥራ አስፈፃሚ እያሉት ነው። በሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ በነቀሉና በተከሉ ቁጥር ምስማሩ በሩን በሳስቶታል፤ በዚያ ቀዳዳ በኩል ሲያዩት ሰውዬው ያው ነው፣ ወንበሩም ያው እንደተንቋቋ ነው። በዚህ ሁሉ ለውጥ የተጠቀመ ሰው ቢኖር ጽሑፉን የሚሠራው አናጢ ነው።

እውነቱን ለመናገር ሬዲዮን ያለ ሙያው ማስተዳደር የእኛ ፈጠራ አይደለም። የእንግሊዙ ቢቢሲ በ1922 እ.ኤ.አ. ሲጀመር ሠራተኛው 4 ነበር። ሥራ አስኪያጅ ሆኖ የተቀጠረው ጆን ሪዝ የሚባል ስኮትላንዳዊ መሐንዲስ ማመልከቻ ሲያስገባ የሬዲዮ ሥርጭት ምን እንደሆነ እንኳ እንደማያውቅ ኋላ ራሱ ጽፏል። ይኼን የነገረኝ የልጅ ልጄ ነው፤ «ይኸው አባባ፣ ሥራውን ሳያውቁ አለቃ መሆን ከፈረንጅም አለ» ብሎ ሊያሸንፈኝ። «ልክ ነህ፤ ግን ሰውዬው ባያውቅም አራት ሆነው ነበር የማያውቁት» አልኩት። አርባ ሆነው ሳያውቁ ደመወዙን አስቡት።

አሁን ወደ ልጅቱ ልምጣ። የአበልጄ ልጅ ናት። ጉሙዝ ናት፤ ስትወለድ አይቻታለሁ፣ ማንጎ ዛፌ ላይ ስትወጣ ቆጥቻታለሁ፣ ስትመረቅም አልቅሻለሁ። አንድ ሬዲዮ ጣቢያ ገባች። የጣቢያውን ስም አልጠራም፤ ከልጅቱ እንጀራ ጋር ጠብ የለኝም። ወረቀቷ ላይ «ጀማሪ ሪፖርተር» ይላል። በሥራ ግን ጠዋት የአማርኛውን ዜና ትቀበላለች፤ ወደ ጉሙዝኛ ራሷ ትመልሳለች፤ ራሷ ታርማለች፤ ራሷ ታነባለች፤ ሙዚቃውንም ራሷ ትመርጣለች፤ የስቱዲዮው ቴክኒሽያን ሻይ ሊጠጣ ከወጣ ድምፁንም ራሷ ከፍ ዝቅ ታደርጋለች። ከሰዓት በኋላ መቅረጫ ይዛ ሰው ልታነጋግር ትወጣለች፣ መኪና ካለ። መኪና ካለ ነዳጅ ካለ። ነዳጅ ካለ ውሎ አበሉ ከተፈረመ።

አንድ በዓል ቤቴ መጥታ ቡና እየጠጣን ከእሷ በላይ ያለውን አስቆጠርኳት። ከፍተኛ ሪፖርተር አለ። አዘጋጅ አለ። ዋና አዘጋጅ አለ። የቋንቋዎች አስተባባሪ አለ። የዜናና ወቅታዊ ጉዳዮች ዳይሬክተር አለ። ምክትል ሥራ አስኪያጅ አለ። ዋና ሥራ አስኪያጅ አለ። ሰባት! ይኼ እንግዲህ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የሚወጣው ብቻ ነው፤ በጎን ያሉትን፣ ዕቅድና በጀቱን፣ የሰው ሀብቱን፣ ግዥውን፣ ንብረት ክፍሉን፣ ማርኬቲንጉን፣ ዲጂታሉን አልቆጠርኩም። አሳላፊው ከበላተኛው የበዛበት ሰርግ ማለት ይኼ ነው።

«እና ልጄ፣ ከነዚህ ሰባት ውስጥ ጉሙዝኛ የሚሰማው ስንቱ ነው?» አልኳት።

ስኒውን አስቀመጠችና አሰበች። «ሾፌሩ ትንሽ ይሰማል፣ አባባ።»

እንግዲህ አስቡት። የክልላችን ሕገ መንግሥት በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሽናሻ፣ ማኦና ኮሞ ብሎ ባለቤቶቹን ዘርዝሮ አስቀምጧል፤ የሥራ ቋንቋው አማርኛ ነው። ይኼ መልካም ነው፤ ሁሉም ሰው የሚግባባበት አንድ ቋንቋ ያስፈልጋል። ነገር ግን እዚሁ ማንዱራ ወረዳችን ውስጥ ከአስፋልቱ ወረድ ብለህ ስትገባ ያለችው እናት የወባ አጎበር መቼ እንደሚታደል የምትሰማው በዚች አንዲት ልጅ አፍ ነው። ዋና አዘጋጁ የልጅቱን ወረቀት ይቀበላል፣ ያገላብጣል፣ «ታይቷል፣ ይተላለፍ» ብሎ ይፈርማል። ምኑን አየው? ገጹን። ሳንሱር ያነብ ነበር ያልኩት ለዚህ ነው።

አንድ ጊዜ ይኸው ዋና አዘጋጅ ልጅቱን አስጠርቶ ገሠጻት። ጥፋቷ ምንድን ነው? የአማርኛው ዜና 10 ደቂቃ ይፈጃል፤ የጉሙዝኛው በ3 ደቂቃ አለቀ። «ሰባቱ ደቂቃ የት ገባ?» አላት፤ ከሣጥን ብር የጎደለ ይመስል። ቋንቋውን ስለማያውቅ በሰዓት ነው የሚቆጣጠራት። እስቲ ፍረዱ፤ የአማርኛው ዜና እንዲህ ይላል፦ «የባለድርሻ አካላት የጋራ የምክክር መድረክ የተካሄደ ሲሆን፣ በመድረኩም የተጀመሩ ሥራዎችን አጠናክሮ ከማስቀጠል አኳያ የጋራ መግባባት ላይ መደረሱና ቀጣይ አቅጣጫ መቀመጡ ተገልጿል።» ልጅቱ ይኼንን ስትመልሰው «ሰዎች ተሰብስበው ነበር፤ ተስማምተው ተለያዩ» ሆነ። ምን ትጨምር? ጉሙዝ መሬት ላይ የማያየውን ነገር የሚጠራበት ቃል ሳይኖረው ቀርቶ አይደለም፤ የተባለው ነገር ያው ይኼ ብቻ ስለሆነ ነው።

ደብዳቤ ጻፉባት። «የይዘት መቆራረጥ ተስተውሏል» ይላል። ልጅ ናት፣ ፈራች። ከዚያ ወዲህ 10 ደቂቃውን መሙላት ጀመረች። በምን ሞላችው? የግልገል በለስ ገበያ ላይ ሰሊጥ ስንት እንደዋለ፣ ክትባት የሚሰጠው የጤና ባለሙያ የትኛው ቀን የትኛው ቀበሌ እንደሚመጣ፣ ዝናቡ የቱን መሻገሪያ እንደወሰደው፣ ማን ልጁን እንደዳረ፣ የማን አባት እንዳረፈ። ዋና አዘጋጁ ሰዓቱን አይቶ «አሁን ተስተካክሏል» አላት። ሰውዬው ሳያውቅ በሕይወቱ አንድ ጥሩ ዜና አስተላለፈ።

እኔ ከዚያ ወዲህ የአማርኛውን ዜና ትቻለሁ። ጉሙዝኛዬ ጆሮ እንጂ አፍ የለውም፤ ስናገረው አበልጄ ይስቅብኛል። ግን እሰማለሁ፤ ዜናውን ከልጅቱ ሰምቼ ለአማርኛ ተናጋሪው ጎረቤት የማቀብለው እኔ ነኝ። ያለ ደመወዝ። እስካሁን ማንም የሥራ መደብ አልሰጠኝም።

በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. መተከል ላይ የደረሰውን እዚህ አልዘረዝረውም፤ ያየ ያውቀዋል። በዚያ ክፉ ጊዜ ሰው ከሬዲዮ የሚፈልገው አንድ ነገር ነበር፦ መንገዱ ክፍት ነው ወይስ አይደለም? አቅጣጫ ይቀመጥልኝ ያለ አንድም ሰው አላየሁም።

የበሬዬን ነገር ልንገራችሁ። ግንባሩ ቦቃ፣ ቀንዱ ወደ ኋላ የቆለመመ ቀይ በሬ ነበረኝ፤ አለኝም። አንድ ቀን ከግጦሽ ሳይመለስ ቀረ። ሬዲዮ ካለ ምን ችግር አለ ብዬ ማስታወቂያ ላስነግር ሄድኩ። ማርኬቲንግ የሚባለው ክፍል «የንግድ ነው ወይስ የማኅበራዊ?» አለኝ። «በሬ ነው» አልኩ። ሁለቱ ሠራተኞች ተከራከሩ፤ በሬ ስለሚሸጥ ወደ ንግድ ይጠጋል አለ አንዱ። በመጨረሻ ለምክትሉ ተመራ። ምክትሉ ስብሰባ ላይ ነው። በማግስቱ በሬው የእኔ ለመሆኑ ከቀበሌ ደብዳቤ አምጣ ተባልኩ። ቀበሌው በሬውን ሳያይ ለመጻፍ ተቸገረ፤ በሬው ደግሞ የጠፋ ነው። ደብዳቤው እንደምንም ተገኝቶ ማኅተም አረፈበት፤ ከዚያ ወደ አርታኢ ሄደ። አርታኢው «ቦቃ» የሚለውን «አካባቢያዊ አነጋገር» ብሎ ሰረዘው፤ ቀለሙንም ረዘመ ብሎ አወጣው። በስንት ቀኑ ሬዲዮ ላይ የወጣው ምን ይል ነበር መሰላችሁ? «በማንዱራ ወረዳ አንድ የቀንድ ከብት ከባለቤቱ ጋር የተለያየ በመሆኑ፣ ያገኘ ወሮታውን ይከፍላል።» ያገኘ ሰው ይክፈል! ያገኘ ሰው ለምን እንደሚከፍል እኔም አልገባኝም።

በሬው ግን ያን ጊዜ ቤቱ ገብቶ ገለባ እየበላ ነው። ልጅቱ መጥፋቱን ከእናቷ በስልክ የሰማች ዕለት ማታውኑ በጉሙዝኛው መጨረሻ ላይ «የአባባ ቀይ በሬ፣ ያ ግንባሩ ነጭ የሆነው፣ ጠፍቷል፤ ያያችሁ አሳልፉት» ብላ ተናግራለች። ማንንም አላስፈቀደችም፤ ማን ይሰማታል? በነጋታው ጠዋት ሁለት ጎረምሶች እየነዱ አመጡልኝ። የአማርኛው ማስታወቂያ ግን አንዴ መርሐ ግብር ውስጥ ገብቷልና ለማስቆም ሌላ ደብዳቤ ያስፈልጋል ተባለ። ደብዳቤውን ስላልጻፍኩ መነገሩን ቀጠለ። ሰው በሬ እየነዳ በሬ ላይ ይመጣል፤ ቀለምና ምልክት የለውማ! አንዱ ላም ይዞ መጥቶ «የቀንድ ከብት ተብሏል» ብሎ ተከራከረኝ።

በጣቢያው ውስጥ ሌላ የማዝንለት ሰው የማሰራጫው ልጅ ነው። ኮረብታ ላይ፣ ከምሰሶው ሥር፣ ከጄኔሬተሩ ጋር ብቻውን የሚኖር። ኤፍ ኤም የሚባለው ነገር እንደ ድሮው አጭር ሞገድ ሰማይ ነክቶ አይመለስም፤ ዓይን በሚያይበት መስመር ነው የሚሄደው፤ ኮረብታ ከገጠመው እዚያው ይቀራል። ለዚህ ነው እኛ በልጅነታችን የጀርመኑን ድምፅ እየሰማን ዛሬ ከሸንተረሩ ማዶ ያለ ሰው የራሱን ዞን ጣቢያ የማይሰማው። የክልላችን ዋና ከተማ አሶሳ ከሆነማ ዓባይ መሃላችን ነው፤ በመኪና ልሂድ ያለ ሰው ቡሬን ይዞ፣ ነቀምትን አልፎ፣ በጊምቢና በመንዲ ዞሮ፣ በባምባሲ ነው የሚገባው። ለሞገዱም መንገዱ ያን ያህል ቀላል አይደለም፤ ከስቱዲዮ ወደ ማሰራጫ፣ ከማሰራጫ ወደ ሌላ ማሰራጫ እየተቀባበለ ነው የሚሻገረው። አንዱ ቦታ መብራት ከሄደ ጨዋታው አለቀ።

መብራት ስል ደግሞ ሌላ ቁጭት። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ እዚሁ እኛው ዞን ጉባ ላይ ነው። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ ሲጣል በሬዲዮ ሰምተን አጨበጨብን፤ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅም እንደገና አጨበጨብን። 5,150 ሜጋ ዋት አሉን። እኔ ሜጋውን አላውቀውም፤ ኮረብታው ላይ ያለው ልጅ ግን አንዳንድ ማታ በጄኔሬተር ነው የሚያድረው፤ ናፍጣው ሲያልቅ ደግሞ ለንብረት ክፍል ይጽፋል፣ ንብረት ክፍል ለግዥ ይጽፋል፣ ግዥ ለፋይናንስ ይጽፋል፤ ይኼ ሁሉ ሲጻጻፍ ጣቢያው ዝም ብሏል። ዝም ማለቱን የሚያውቅ ክፍል አለ፤ የሥርጭት ክትትል ይባላል፤ ያ የጎረቤቴ ልጅ የሚመራው። ሰውዬው ከተማ ተቀምጦ በስልኩ በኢንተርኔት ነው የሚከታተለው፤ በኢንተርኔቱ ደግሞ ሁልጊዜ ይሰማል። ሪፖርቱ «ሥርጭቱ ያለ መቆራረጥ ቀጥሏል» ይላል። ማሰራጫው ላይ ያለው ልጅ ባለፈው ሚስት ሊያገባ አገሩ ሄዶ አንድ ሳምንት ሲቆይ ከሸንተረሩ ወዲህ ያለን ሰዎች በሙሉ ሰርጉን አወቅን፤ ሬዲዮው ጠፍቷላ።

እኔ ሥራ ይጥፋ አላልኩም። ሬዲዮ ላይ የማይሰማ ግን የግድ የሚያስፈልግ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። በ1994 ዓ.ም. «የቀን ቅኝት» የሚባል ድራማ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ተጀምሮ ነበር፤ 257 ክፍል ሄዶ በ1997 ዓ.ም. አለቀ። ያ ድራማ ደራሲ ነበረው፣ አዘጋጅ ነበረው፣ በር ሲከፈት በር የሚያስመስል፣ ዝናብ ሲዘንብ ዝናብ የሚያስመስል ሰው ነበረው። እነዚህን ማንም አያያቸውም፤ ሥራቸው ግን ይሰማል። ሥራ አስኪያጅም ቢሆን ይኑር፤ እኔ ጠላቱ አይደለሁም። ሸገር ኤፍ ኤም 102.1 በ2000 ዓ.ም. ሲከፈት ከመሥራቾቹ አንዷ መዓዛ ብሩ ነበረች፤ ጣቢያውንም ትመራለች፣ «የጨዋታ እንግዳ» ላይም ራሷ ተቀምጣ ሽማግሌ ታናግራለች። አንዱን ሰው ብዙ ሳምንት ታስወራዋለች፤ አታቋርጠውም። የልጅ ልጄ ስልክ ላይ ከፍቶ ሲያሰማኝ «ይቺ አለቃ ናት እንዴ?» አልኩት። «አዎ» አለኝ። «ታዲያ ማን ፈቀደላት?» አልኩት።

ከጠፉት ሥራዎች የማዝንበት የካሴት ክፍሉ ነው። በዚያ ልጅቱ በገባችበት ጣቢያ ድሮ ካሴት የሚጠብቅ አንድ ዝምተኛ ሰው ነበር። የትኛው ዘፈን የት መደርደሪያ ላይ እንዳለ በቃሉ ያውቃል። የሥራ መዋቅሩ ሲጠና «ለተቋሙ ተልዕኮ ቀጥተኛ አስተዋፅኦ የሌለው መደብ» ተብሎ ተሰረዘ። ቁልፉ ለንብረት ክፍል ተሰጠ። ባዶ ካሴት ሲያጥር ከመደርደሪያው እየተወሰደ በላዩ ተቀዳበት። የአበልጄ አባት በማንዱራ ገና መንገድ ሳይገባ ስለነበረው ዘመን የተናገሩት፣ የዘፈኑትም፣ እዚያ ውስጥ ነበር። ልጅቱ የአያቷን ድምፅ ልትሰማ ከፈተችው፤ የሚሰማው የአንድ የዕቅድ ግምገማ መክፈቻ ንግግር ሆነ። አባቷ ይኼን እንዳይሰማ ተባብለናል።

አዋጁ ደግሞ አለ። የ1999ኙ የብሮድካስት አዋጅ ጣቢያዎችን የሕዝብ፣ የንግድና የማኅበረሰብ ብሎ በሦስት ከፍሎ ነበር፤ የ2013ቱም አዋጅ የማኅበረሰቡን ጣቢያ ይዞ ቀጥሏል። የማኅበረሰብ የሚባለው ጥሩ ነገር ነው፤ ነዋሪው ራሱ የሚያስተዳድረው፣ በጎ ፈቃደኞች የሚሠሩበት። በብዙ ቦታ ግን አንድ ነገር አያለሁ፦ ቦርዱ ይሰበሰባል፣ ሰብሳቢ ይመርጣል፣ ምክትል ሰብሳቢ ይመርጣል፣ ጸሐፊ ይመርጣል፤ ማይኩ ጋ የሚቀመጠው ደግሞ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ሥራ ያጣ፣ ለትራንስፖርት ብቻ የሚከፈለው ልጅ ነው። እሱ ሲታመም ሙዚቃ ይከፈታል።

ታዲያ ይኼን ሁሉ የማወራው ቂም ይዤ አይደለም። አንድ ቀን ለዚያች ልጅ ጸለይኩላት፤ ስህተቱ እዚያ ላይ ነው። «እግዜር ያሳድግሽ» አልኳት። አደገች!

ባለፈው ሰሞን የጉሙዝኛው ዜና ሰዓት ደረሰና ሬዲዮኑን ከፈትኩ፤ ሙዚቃ። በማግስቱም ሙዚቃ። ሞታ ይሆን ብዬ አበልጄ ቤት ስሮጥ፣ በጉልበቴ ያው የምሮጠውን ያህል፣ ቤቱ ደስታ ላይ ነው፤ ጠላ ተጠምቋል። «ተሾመች!» አሉኝ። የብሔረሰብ ቋንቋዎች ክፍል ተጠባባቂ አስተባባሪ ሆናለች። ስልክ ደወልኩላት።

«እንኳን ደስ አለሽ ልጄ። ዜናውስ?»

«ስብሰባ ላይ ነኝ፣ አባባ፤ ቆይቼ ልደውልልዎ?»

ቆይታ ደወለች። ድምፅዋ ተለውጧል፤ ቀስ ብላ ነው የምትናገረው። አሁን እሷ ዜና እንዳታነብ፣ ከሥራ መደቧ ጋር ስለማይሄድ፣ ተነግሯታል። ሥራዋ የሚያነቡትን ማስተባበር ነው። የሚያነቡት ስንት ናቸው ብዬ ጠየቅኋት። «ቦታው ክፍት ነው» አለችኝ። እሷ ብቻ ነበረች ያለችው፤ እሷም ወደ ላይ ወጣች። እስከዚያው ሙዚቃው ይሰማል፤ ዋና አዘጋጁ ሰዓቱን አይቶ 10 ደቂቃው ሞልቷል ብሎ ፈርሟል።

የቅጥር ማስታወቂያው እዚህ ወረዳው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ መነጽሬን አድርጌ አነበብኩት። የሥራው መደብ መጠሪያ፦ የጉሙዝኛ ቋንቋ ጀማሪ ሪፖርተር። ብዛት፦ አንድ። ተፈላጊ ችሎታ፦ በጋዜጠኝነት ወይም በተመሳሳይ ሙያ የመጀመሪያ ዲግሪ፣ መሠረታዊ የኮምፒዩተር ሥልጠና፣ የሥነ ምግባር ማስረጃ። ከታች ወረድ ብሎ በትንንሽ ፊደል «ጉሙዝኛ የሚችል ቢሆን ይመረጣል» ይላል።

ልጅቱን ስንት ሰው ተመዘገበ ብዬ ጠየቅኋት። እስካሁን አንድ ነው አለችኝ፤ ሾፌሩ።